የልብ ልብስ

«የት ሠርተው ያውቃሉ?» ጠየቃት ሐኪሙ።
«የትም» አለች እማዬ፤ ቆመበት ቀለሙ።
ሥራ በሚለው ፊት ሰረዝ አኑሮበት፣
«ልብም ልብስ አለው» አለን ቃል ሲያጣለት፣
«ዕጢው እሱ ላይ ነው። ከመጽሐፍ በቀር
አላየሁም ነበር።»

አቃቂ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከሐዲዱ ሥር፣
አባቴ ኢተርኒት በመጋዝ ሲመትር
ውሎ፣ ማታ ሲገባ፣ እንደ ወፍጮ ቤት ሰው
ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ፤ በር ላይ ተቀብላው
ቱታውን ታራግፋለች፣ ደጋግማ፣ በኃይል።
ብናኙ በጀምበር ብልጭ ብልጭ ሲል
እኔ ከሥር ሆኜ፣ በመዳፌ ልይዘው
ስዘል፣ ስስቅ፣ ስምገው።

ልብ አላልነውም።
ልቧ ግን አርባ ዓመት ሲቆጥር አልተኛም።

አባቴ ደኅና ነው። ሳል እንኳ አያውቀው።
«መጋዙን የያዝኩት እኔ» ይላል፣ ሰው ሲጠይቀው።
አሁን ከእድርም ሆነ ከሱቅ ሲመለስ፣
ኮቱን፣ አጥር ውጪ፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ ድረስ
ያራግፋል። ምንም የለበትም ኮቱ።
እሷ በመስኮቱ፦
«ግባ እንጂ፣ ቱፋ፤ ብርድ ይመታሃል።»