ያልተመለሰ ካርድ

ጎንደር ሆስፒታል ውስጥ ካርድ ስደረድር፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደዌን ሳስገባ በቁጥር፣
አቧራ ለብሼ አቧራ ጠጥቼ፣
የማላውቀውን ስም ስጽፍ አምሽቼ፣
ከጽሕፈት ቤት ጠሩኝ፤ «ጓዴ፣ ብዕር አንሳ፣
የፕሮፌሰር ስመኝን ሥራ ጻፍ ሳትረሳ፤
ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ፤ ዓርብ ነው ሽልማቷ፣
ይነበባል፣ ወርቁ ሳይጠለቅ ባንገቷ።»

ጻፍሁ። ሰማንያ ሦስት ጥናት አሳትማለች።
አርባ አንድ ሐኪም አስተምራ አውጥታለች።
ባሕር ማዶ ሸንጎ ላይ ቆማ ተናግራለች።
የካላዛርን መርፌ ቀኑን አሳጥራለች።
«አለች»፣ «አለች»፣ «አለች»… ገጹ ሞላ በእውነት፣
አንድ እንኳ በሽተኛ ሳይተኛበት።

እኔ የማውቃት ግን ከወንበሯ በፊት፣
ከአዘዞ መንገድ ዳር፣ ዝናብ ባለበት ሌሊት፣
ከመተማ ሰሊጥ የጭነት መኪና ሲወርድ፣
እግሩ ክር፣ ሆዱ ከበሮ፣ ቆዳው አመድ፣
እንደ ነዶ ሲራገፍ የቀን ሠራተኛ፣
ገብታ ትከሻዋን ስትሰጥ ለበሽተኛ።
ጣፊያውን በጣቷ ከጎድን ሥር ቆጥራ፣
በሰማያዊ ብዕር ድንበሩን አስምራ፣
ወሰኑ ሲሸሽ ሳምንት በሳምንት እያየች፣
«ይኸው፣ መሬት ለቀቀ!» ብላ ትስቅ ነበረች።
ጠላቷንም አውቃለሁ፤ ድምፅ የለው፣ አይታይ፣
ከዋልካ ስንጥቅ ወጥቶ ከግራር ሥር በምሽት ላይ፣
ከጤፍ ጥቂት የሚበልጥ የአሸዋ ዝንብ፣
ስንቱን አፈረሰ፣ ሰው የሚባል ግንብ።

ግን አንድ መስመር አለ በመዝገቤ የቀረ፣
ሃያ ሁለት ዓመት አፉን ከፍቶ የኖረ።
ካርድ ቁጥር፦ አራት ሺህ ስድሳ አንድ። ስም፦ ሰጠኝ አበረ።
ዕድሜ፦ ዐሥራ ዘጠኝ። አገር፦ በለሳ።
የወሰደው፦ ዶክተር ስመኝ። የተመለሰበት ቀን፦

ባዶ።

በስንት ኦዲተር ፊት ስሜ ተነሥቷል፤
«ጓዴ አንድ ካርድ ጥሏል» ተብሎ ተጽፏል።
እኔም አልጠየቅኋት። እሷም አላነሣች።
በኮሪደሩ ስናልፍ ግን ዓይኗን ትሰብር ነበረች።

ሐሙስ ማታ መጣች፣ መብራት ጠፍቶ ሳለ፣
ባትሪ ይዛ በእጇ፤ ድምጿ «ጓዴ» አለ።
ሰጠኋት ገጹን፤ በብርሃኑ ስትቃኝ፣
«አለች»ዎቹን ቆጥራ «ይህቺ ሴት ማናት?» አለችኝ።
«ሦስተኛው ሰንጠረዥ ላይ፣ በመጀመሪያው ጥናቴ፣
‹የሞተ፦ አንድ› ይላል። ስም የለው በጽሕፈቴ።
መጠኑን የመረጥሁት እኔ ነኝ፤ ልቡ ነው የቆመው።
ከዚያ ወዲህ የዳነው ሁሉ በእሱ ልክ ነው የተመጠነው።
ስሙ ራሱ ‹ሰጠኝ›፤ ሁሉን ሰጠኝ፣ በእውነት፤
ሃያ ሁለት ዓመት ምን መለስሁለት?»

ከቦርሳዋ አወጣች በላስቲክ ጠቅልላ
ያንን ብጫ ካርድ፣ ጠርዙ የተበላ።
ሆዱ ላይ ያሰመረችው ድንበር እዚያም ተሥሏል፤
ሰማያዊው ቀለም ወደ አመድ ሄዷል።

መዝገቡን ከፈትሁ። ፈረመች። ቀን ጻፈች።
ገጼን አጥፋ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።
«ኦዲተሩን ንገረው» አለች።

ዓርብ አዳራሹ ሞላ፣ ካባና ክራቫት፤
ከጎሃ የወረደ ነፋስ መጋረጃውን መታት።
አንባቢው ቆመና «አለች፣ አለች» ሲል ቆየ፤
ከግርጌው ሲደርስ ግን መነጽሩን አንሥቶ አየ።
በሰማያዊ ብዕር የተጨመረች መስመር፣
የሐኪም ጽሕፈት ናት፤ ዘለላት ሳይናገር።
ጭብጨባው ተነሣ።
እኔ ግን የዚያን እጅ ስፈታ ያረጀሁ፣
ከኋላ ወንበር ላይ ለብቻዬ አነበብሁ፦
«ሰጠኝ አበረ። ዐሥራ ዘጠኝ። በለሳ።»