ከበርሜሉ የጎደለች ድንጋይ

ከጀማ ገደል አፍ፣ ከዓለም ከተማ በታች፣
ነጩን ድንጋይ ፈልጣ ጠጠር የምትሸጥ ሴት አለች።
እታፈራሁ ይሏታል። መዶሻዋ ባለ ሁለት ኪሎ፣
እጀታው የወይራ፣ በላብ የጠቆረ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ።
እኔ ቆጣሪ ነኝ፤
በርሜል በሞላ ቁጥር መዝገቤ ላይ አንድ መስመር የምጭር፣
ለመርሐቤቴ መንገድ ጠጠር የምሰፍር።

ግንቦት ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በረፋዱ፣
አንድ ድቡልቡል መታች፤ ቷ ብሎ ተከፈተ ሆዱ።
እንደ ሌላው አልተፈረካከሰም። እኩል ለሁለት ተገመሰ፣
ውስጡ ተጠቅልሎ የተኛው ፊቱን ወደ ፀሐይ መለሰ።

"እባብ ነው፣ ጣይው!" አለ አለቃው፣ ጋሼ ሸዋረጋ፤
ሹፌሩ "የሙክት ቀንድ ነው" ብሎ ከመኪናው ወርዶ ተጠጋ።
እሷ ዱቄቱን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፣
"እባብ ቢሆን ራስ ይኖረው ነበር" አለች።

የመንገዱ ላቦራቶሪ ልጅ፣ ምንትዋብ፣ ባንገቷ አጉሊ መነጽር፣
ሪፖርቷን ረስታ ተንበረከከች፣ ከአቧራው፣ ከጠጠሩ ሥር።
"ፔሪስፊንክቴስ" አለች። እንደ ዘመድ ስም ነው የጠራችው።
"ዙሪያውን የታጠቀ ማለት ነው፤ መቀነቱ ያውና፣ አየሽው?"

እውነትም ታጥቋል። ጎድኑ ከእምብርቱ ይነሳል፣
ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ጀርባው ላይ እንደ ባላ ለሁለት ይከፈላል።
በየመሐሉ ጎድጎድ ያለ መስመር፣ ወገቡ የጠበበበት፣
እንስሳው ማደጉን ትቶ ጥቂት የቆየበት።
"ምን ሆኖ ቆመ?" አለች እታፈራሁ። "ርቦት? ወይስ ታሞ?"
ምንትዋብ አላወቀችም። ዝም አለች፣ መነጽሩ ዓይኗ ላይ ቆሞ።

ቆይታ፣ "ቤቱ ሲጠበው ከፊት ሰፋ አድርጎ ይጨምራል፣
የኋላውን በግድግዳ ዘግቶ ወደ አዲሱ ይሻገራል።
የግድግዳው ዳር እንደ ጎመን ቅጠል የተሸበሸበ፣
ከቅርፊቱ ጋር እንደ ቀሚስ ጥልፍ የተሰበሰበ።
ካንዱ ወዳንዱ ቀጭን ቧንቧ ታልፋለች፣ እንደ ክር፣
የተዘጋውን ሁሉ እሱ ካለበት የምታስተሳስር።"

እታፈራሁ ሳቀች። "እኔ የተገላቢጦሽ ነኝ።
ሚዳ፣ ያባቴ ግቢ፣ ሃምሳ በግ የሚያድርበት፤
ከዚያ የባሌ ቤት፣ አማቴ መሐሉን የያዘችበት፤
እሱ ሞተና ኪራይ፣ ሁለት ክፍል፤ ከዚያ አንድ፤
አሁን በሩ ሲከፈት አልጋዬን ይመታል፣ ጉድ!
ወደ እምብርቱ ነው የኖርኩት።
ክሯ ግን አለች። ሌሊት ሌሊት በእሷ ሾልኬ እሄዳለሁ፣
ያባቴን በር አንኳኳለሁ።
ማንም አይከፍትም። ውሻው ሲጮህ ግን እሰማለሁ።"

እኔ ስንኝ እሞክራለሁ፤ ቤት መምታት አውቃለሁ ጥቂት።
ይሄ ፍጥረት ግን ባሕር ውስጥ፣ ከሰው ሁሉ ቋንቋ በፊት፣
ቤት ሲደፋ፣ ቤት ሲደፋ ኖሯል፤
የመጨረሻው ክፍል በር የለውም፣ ሳይዘጋ ቀርቷል።

ድንጋዩ ሁለት ነበር፤ አንዱ ጉብታው፣ አንዱ ጎድጓዳው።
ጉብታውን ምንትዋብ በጋዜጣ ጠቅልላ ወሰደችው።
"በርሜሉ ጎድሏል" አለ ጋሼ ሸዋረጋ።
ሙሉ ብዬ ጻፍኩ።
ውሸቴን ነው፤ መዝገቡ ላይ እስከ ዛሬ አለ።
ጎድጓዳውን እታፈራሁ በሻሿ ቋጥራ ይዛ ገባች፣
ነፋስ በሯን እንዳያላጋው አስደገፈችበት።

በሰኔ፣ በመጀመሪያው ዝናብ ማግስት፣ በደጇ አለፍኩ።
ጎድጓዳው ሞልቷል።
ያ ከጀማ ላይ የሸሸው ባሕር፣
መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት የትም ከርሞ
ተመልሶ መጥቷል፣ አንድ ማንኪያ ሙሉ፣
በጎድኖቹ አሻራ መሐል ቁራሽ ሰማይ ይዞ።

የጎረቤት ዶሮ መጣችና
አንገቷን ቀና እያደረገች ትጠጣው ጀመር።
"እሽ" ልል እጄን ሳነሳ
እታፈራሁ ከውስጥ ሆና፣
"ተዋት" አለችኝ፣ "ጠምቷት ነው።"