ለመጣበት መንገድ

«ያንተ ነው ድንጋዩ?» አለችኝ ሩዌና፣
የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ከአጥሬ ሥር አቁማ ገና፤
ባለሦስት እግሩን መቆሚያ ከትከሻዋ አውርዳ፣
ነፋሱ አሪቲ አሪቲ በሚሸትበት ሜዳ፣
ከኮሎምቢያ ወንዝ በላይ።

የኔስ ነው መሰለኝ።
በግብር ደረሰኙ ላይ መሬቱ በስሜ ነው፤
ድንጋዩ ግን አልተጻፈም፤ ትራክተር የሚዞረው፣
ስንዴ የማያበቅል፣ ቤት የሚያህል ጥላ ነው።

አባቴ አይወደውም ነበር።
ሁለት ማረሻ ሰብሮበት፣ በሦስተኛው ዓመት
ሦስት ቀዳዳ ቦርቡሮ ድማሚት ቀበረበት።
ጢሱ ሲገለጥ ግን እዚያው ነበረ፤
አንድ ጉንጩ ብቻ ተገምሶ ቀረ።
ከዚያ ወዲያ በቤታችን ስሙን ያነሳ የለም።

እሷ ግን ትዞረው ጀመር።
ሰኞ ገና ሲነጋ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣
ልጆቹን አውርዳ ስትመለስ፣ ቆማ ሳንድዊቿን ስትበላ፤
አንዴ በሆዷ ተኝታ፣ አንዴ ካውቶቡሱ ጣራ ላይ፣
ጥቁር ጨርቅ ተከናንባ በመስተዋቱ ስታይ።
«ምን አየሽ?» ስላት፣ «ጠጠር» አለች፤ «ትልቅነቱ ጠፋ።
እኔ ወደ ኋላ ባልኩ ቁጥር ሜዳው እየሰፋ።»

አንድ ቀን «ና እየው» ብላኝ ከጨርቁ ሥር ገባሁ፤
ዓለምን ተዘቅዝቃ አየሁ፤
ሰማዩ ከታች እንደ ኩሬ፣ አሪቲው ከላይ እንደ ደመና፣
ድንጋዩም እንደ ሌሊት ወፍ ተንጠልጥሎ — ምን ጉድ ነው ሩዌና!
ዓይኔን እያሸሁ ወጣሁ።

«መጨመር መስሎኝ ነበር» አለች፤ «ለካስ መቀነስ ነው።
ሽቦውን ቀነስኩ፣ የስልክ ምሰሶውን ቀነስኩ፣
ጎተራህንም ቀነስኩ፣ ይቅርታ፤
አሁን ድንጋዩን ላስቀምጠው የት ነው፣ በየትኛው ቦታ?»
«ከመሐል» አልኩ።
«ከመሐልማ የመታወቂያ ፎቶ ይሆናል፤
ዓይን መጥቶ ይነካዋል፣ ወዲያው ደግሞ ይሄዳል።»
«ከዳርስ?»
«ከዳር ካልን፣ ወዴት እንደሚያይ ማወቅ አለብኝ።
ለሰው ፊቱ በዞረበት በኩል ቦታ ይተውለታል፤
የድንጋይ ፊቱ የት ነው? እስቲ ንገረኝ።»

ስልሳ ሦስት ዓመት ከሱ ጋር ኖሬ
ጠይቄው አላውቅም እስከ ዛሬ።

ከኛ በፊት የነበሩት ስም አውጥተውለት ነበር ይላሉ፤
አባቴ አልጠየቀም፤ የሚያውቁት ከወንዙ ማዶ ይኖራሉ።
እኔ ያለችኝ አንዲት ነገር፣ አስተማሪያችን ሚስ ሃልቮርሰን
በጠመኔ የሣለችልን፣ ልጆች ሳለን፦
ከወደ ሰሜን በኩል ተራራ የሚያህል በረዶ
በጀርባው አዝሎት መጣ፣ በቀን ስንዝር ሄዶ፤
እዚህ ሲደርስ ሞቀው።
ያዘለው ቀለጠ፣ የታዘለው ቀረ፤
እንግዳ ደራሽ ይሉት ነገር፦ ውሃው ፈሰሰ፣ እንግዳው አደረ።

ሩዌና ስትሰማኝ ቆየች።
መቆሚያውን ነቅላ፣ ፀሐይን ከጀርባዋ አድርጋ፣
ድንጋዩን ወደ ቀኝ ገፋችው፣ ወደ ክፈፉ ጠርዝ አስጠጋ —
በእጇ አይደለም፣ በእርምጃዋ፤ ሰባት እርምጃ ወደ ጎን፣
አንድ ደግሞ መለስ።
የሰሜኑን ሜዳ ባዶውን ተወችለት፣
አመዳም አሪቲ እንጂ አንድም ነገር የሌለበት።
«ምን ልታሳይበት ነው?» አልኳት።
«ለመጣበት መንገድ» አለች።

ከዚያ ዞር ሳትል፣ ቀስ ብላ፦
«ካንተ አባት ቁስል ጋር ፊት ለፊት ነኝ። ልዙር?»
የምሽቷ ፀሐይ ሦስቱንም ቀዳዳ ሞልታቸው ነበር።
መልስ ፈልጌ አጣሁ።
ጥላዬ ወደ ፎቶው እየረዘመ ሲመጣ አይቼ
አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸሁ።
ቀጭ አለ።

ያን የሰሜኑን ሜዳ ልገምሰው አስቤ ነበር፤
አዲስ ማረሻ ገዝቼ፣ ዕዳውንም ገና ሳልከፍል።
ሚያዝያ ላይ ሄድኩ፣ ትራክተሬን አስነስቼ፣
ከድንጋዩ አጠገብ ሞተሩን አጥፍቼ
ትንሽ ቆየሁ፤
ዞሬ ተመለስኩ።
ጎረቤቴ ዱዌን «ስንፍና ነው» ይላል።