መሰለኝ

ሐምሌ ነው። ጎንደር ላይ ዝናቡ አላባራም፣
ቆርቆሮው ሲያጓራ የምስክር ድምፅ አይጠራም።
ዳኛዋ እጇን አነሣች፦ «ጥቂት እንታገሥ፣
ሙሉው ቃል ሳይሰማ እስክሪብቶ አይፍሰስ።»

እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ ከዳኛዋ በስተግራ፣
ሃያ ሁለት ዓመት በሰው ቃል ስሠራ።

አጣናው ቆሟል። የአዘዞው ጋራዥ ዘይት
ከጥፍሩ ሥር አለ፣ እስከ አርባኛ ሌሊት።
ከባድ የሰው ግድያ። ሟች፣ የሰሊጥ ነጋዴ።
ነገሩ ሰባት መስመር፣ ተነበበ ባንዴ።

ዛሬ ግን ፍርድ የለም። ቀዳሚ ምርመራ ነው፣
ምስክር ሳይመከር፣ ቃል ሳይበርድ የሚጻፈው።

ጥላዬ ቀረበ፣ የመጋዘን ዘበኛ፣
ውሃ የጠጣ ካፖርት፣ ዐይኑ እንቅልፈኛ።
ማለ።
«መብራት ሄዷል። የባትሪዬም ድንጋይ ደክሟል።
ከቀሃ ድልድይ አንድ ሰው ሮጦ ወደ ላይ አለፈ።
በጀርባው ነው ያየሁት።
አረማመዱ… እሱ መሰለኝ።»

ጻፍኩ። መሰለኝ። አራት ፊደል።

መርማሪው ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ፣
ዘበኛው ዞር አለ፣ ሊያስተካክል ፈለገ፦
«ማለቴ… አይቼዋለሁ።»
«ይጻፍ» አለች ዳኛዋ፤ «የፊተኛውም፣ የኋለኛውም።
አንዱ አንዱን አይሰርዝም።»

ወደ አጣናው ዞረች።
«ቃል መስጠት ትችላለህ፤ ባትሻ አትገደድም፣
ዝም ስላልክ ብቻ ባንተ ላይ አይፈረድም።»

ጣሪያውን አየ። ዝናቡ አባርቷል።
«አርባ ቀን ሙሉ» አለ፣
«‹ለምን ገደልክ?› አሉኝ እንጂ
‹ገድለሃል ወይ?› ያለኝ የለም።»
ተቀመጠ።
ያንንም ጻፍኩት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ይላል ያገሬ ሰው፤
ይህችን ቃል ግን አፋፉ ላይ በእስክሪብቶ ያዝኳት።
ክረምቱ ይወጣል። መዝገቡ ወደ ከፍተኛው ይሄዳል።
ጥላዬ ያኔ ጠጅ ቤት ለጠየቀው ሁሉ አውርቶ አውርቶ፣
«በዐይኔ በብረቱ!» ይል ይሆናል፤ ራሱም አምኖ።
ያን ቀን ገጽ ሦስት ይገለጣል፣
በኔ የተንጋደደ ጽሕፈት፦ መሰለኝ።

አጣናው ገድሎ ይሆን? አላውቅም።
የምጽፈው ያልኩትን አይደለም፣ ያሉትን ነው።

ማታ፣ ባጃጅ አጥቼ በእግሬ ቀሃን ስሻገር
አንድ ሰው በጭቃው እየተንሸራተተ አለፈኝ፣
ትከሻው፣ አነካከሱ፣ ጎረቤቴ ደባሱ መሰለኝ።
«ደባሱ!» ብዬ ጠራሁት።
ዞረ።
አልነበረም።