ሃያኛው ንክር

ኖርሾፒንግ፤ ኅዳር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤
ፀሐይ ሥራ ለቃ ሄዳለች ወደ ቤት።
ራግንሂልድ ብቻዋን፣ ጓንቷን አጥብቃ፣
ጥፍር የምታህል ቁራጭ መስታወት በወረንጦ አንቃ፣
ከቢጫው ፈሳሽ ትነክራለች፤ ትጠብቃለች፤
ታወጣለች፤ ታለቀልቃለች፤
ቀለም ከሌለው ትነክራለች፤ ትጠብቃለች።

ይኸው ነው። «አንተ እዚህ ቁም፣ አንተ እዚያ» የሚል
አለቃ የላቸው፤ ፕላሱ ማይነሱን ሲያገኝ ልጥፍ ይላል፤
ሰልፉን ራሱ ሠርቶ፣ ቦታው ሲሞላ ጠግቦ፣
የተረፈው ፖሊመር ይሄዳል ታጥቦ።
አንድ ንጣፍ፤ ከጤዛ ቆዳ የሳሳ፤
በላዩ ሌላ፤ በላዩ ሌላ፤ ቁጥሩ እስኪረሳ።

አባቷ አልጎት ጨርቅ አቅላሚ ነበር፣
እዚሁ ከተማ፣ እዚሁ ወንዝ ዳር፤
ሐሙስ ሰማያዊ፣ አርብ ቀይ
እጁን ይዞ ሲገባ፣ እናቷ «ዳቦው ጋ እንዳትደርስ! እስቲ አሳይ!»
ትለው ነበር። «ጨርቅን አታስገድጂው፣» ይላት ነበር እሱ ደጋግሞ፣
«የሚጠጣውን ጠጥቶ ይተዋል፤ አንቺ እጠቢው፣ ንከሪው ደግሞ።»
ፋብሪካው ተዘጋ፤ ቀለም ቤቱም ቢሮ ሆኖ ቀረ፤
አልጎት ከነሰማያዊ ጥፍሩ ተቀበረ።

ሃያኛው ንክር። መስታወቷ ከምድጃ አደረች፤
በነጋታው አልሙኒየም ለበሰች፣
ከሽቦ ተገናኘች። ራግንሂልድ መብራቱን አጠፋች።
አንድ ቮልት። ሁለት። ሦስት።
ምንም። አራት።
አምስት ላይ፣ እንጃ፣ ዓይኔ ይሆን? አለች። ስድስት፤
መጣ፤
ከጨለማው መሀል፣ ድምፅ ሳያሰማ፣
አረንጓዴ ነው እንዳይባል ቢጫ የነካው፣
ቢጫ እንዳይባል ደግሞ አረንጓዴ የሚጎትተው፣
ጭስ የሌለው፣ ክር የሌለው፣
እውነቱን ለመናገር፣ ከሻማ የማይሻል፤
ግን ጣቷን ብታስጠጋው ቀዝቃዛ፣
ጓንቷ ላይ እንደ ጠብታ የሚንሸራተት፣
ሃያ ጊዜ ከመጠበቅ የተሠራ ብርሃን።

አስራ አንድ ደቂቃ። ከዚያ ጥቁር ነጥብ፣
ከዚያ ሌላ ነጥብ፣
ብል እንደገባበት ሸማ፤
አየር ሾልኮ ይሆናል፣ እርጥበት ይሆናል፤
ጠፋ።

መዝገቡን ከፈተች። «ናሙና መቶ አርባ ሰባት።
ንጣፍ፦ ሃያ። ዕድሜ፦ አስራ አንድ ደቂቃ። ቀለም፦»
ብዕሯ ቆመ።
«አረንጓዴ» ብላ ሰረዘች።
«ቢጫ» ብላ ሰረዘች።
የድሮው ቀለም ቤት ለዚህኛው ስም ነበረው፤
አባቷ በርሜሉን ሳይከፍት በሽታው የሚለየው፣
እሷ ሳትጠይቀው የሄደው።
ቦታውን ክፍት ተወችው።

ጓንቷን አወለቀች፤ ጥፍሯን አየች፤ ንጹሕ ነው፤
ምንም አልያዘው።