ሃያ እርምጃ ከፖሙ ዛፍ

ከቫን ሐይቅ በታች፣ ከድንጋያማው ዳር፣
መንደራችን ኖሯል በወርቅ ወሬ ሲያድር።
«አርመኖች ሲሄዱ» ይላል ሽማግሌው፣
«ቀብረው ትተውታል፤ ዕድል ለቀናው ሰው።»
«ሲሄዱ» ነው ቃሉ፤ ልክ እንደ ገበያ፣
ማታ እንደሚመለስ ሰው እየነዳ አህያ።
ወዴት እንደሄዱ የጠየቀ የለም፤
እኔንም ነቭዛትን፣ መቆፈር እንጂ መጠየቅ ማንም አላስተማረኝም።

ከአባቴ የወረስኩት አካፋና ዶማ፤
ሥራዬ ሌሊት ነው፣ ፖሊስ እንዳይሰማ።
የቤተ ክርስቲያኑን ወለል ገልብጫለሁ፣
መስቀል የተቀረጸበትን ድንጋይ ለበረት ሸጫለሁ።
ያገኘሁት ሀብት ይኸው፣ ልቁጠረው፦
የልብስ ሰፊ ጣት ቆብ፣ መርፌ የወጋጋው፣
አንድ የዛገ ቁልፍ፣ በሩ የጠፋበት፣
የሕፃን ጫማ ሶል፣ ሦስት ሚስማር የቀረበት።

በመስከረም መጣች፤ ስሟ አርሻሉይስ፣
ከማርሴይ ነኝ አለች፤ አንድ እግሯ የሚያነክስ።
ቱርክኛዋ የጥንት፣ አያቴ ትለው የነበረ፤
በእጇ ካርታ አለ፣ በእርሳስ የተሣለ፣ እጥፋቱ በክር የታሠረ።
«ካርታ ይዛለች!» ሲባል ሻይ ቤቱ ባዶ ሆነ፤
ለሟች እንዲህ አይሮጥም፣ ወሬው ወርቅ ካልሆነ።
«ሃያ እርምጃ» ይላል፣ «ከፖሙ ወደ ምሥራቅ»፤
ሁላችን ፊደሉን ሳናውቅ ያነበብነው፦ ወርቅ።

ፖሙ የለም፤ ጉቶውን አሳየኋት።
የቆረጥኩት እኔ መሆኔን አልነገርኳት።
በሚያነክስ እግሯ ቆጠረች፤ ሃያ ላይ ቆመች፣
በድንጋይ ከተደፈነው አሮጌ ጉድጓድ ደረሰች።
«ወርቅ የለም» አለች፤ «እዚህ ያለችው ኑሪጻ ናት፣
የአያቴ ታናሽ እኅት፤ ሰባት ዓመት ነበራት።
ወታደር ሲነዳቸው በሰኔ ማለዳ…
ዘለለች ይሁን ተጣለች፣ አያቴ አልተናገረችም፤
እስክትሞት ድረስ ግን ከጉድጓድ ውኃ አልቀዳችም።»

«ውሸት ነው!» ሙዘየን ጮኸች ከአጥሯ በላይ፣
ዘጠና ዓመቷ ነው፣ ምርኩዟ ወደ ሰማይ።
«የእኛ ሰው ነው እዚያ! ሩስ በመጣ ዓመት፣
ታጣቂዎቻችሁ የእናቴን ወንድሞች የጨመሩበት፤
ጧሂርና ሴይፊ! ሴይፊ ጢም እንኳ አላወጣም!»
መምህሩ ቬይሰል የትምህርት ቤቱን መጽሐፍ ጠቀሰ፤
እኔም አንብቤዋለሁ፤ ለእኛ ሙታን ሁለት ገጽ፣ ለእነርሱ አንድ መስመር ደረሰ፦
«ተዘዋወሩ» ይላል፣ እንደ መንግሥት ሠራተኛ፣
አበል እንደተቆረጠለት መንገደኛ።

እኔ ጉድጓድ አውቃለሁ፤ ሙያዬ ነው።
ለሁለቱም ይበቃል፤ ጥልቅ ነው።
የሙዘየንን እንባ ውሸት አልለውም።
ግን የጧሂርና የሴይፊ ስም ከመስጊዱ አጥር በድንጋይ ተጽፏል፤
ዓርብ ዓርብ ዱዓ አይታጣም።
ለኑሪጻስ፣
ከነእናቷ፣ ከነጎረቤቷ፣ ከነሰፈሯ ለጠፋችው፣
በዚህ መንደር ስሟን ጮኾ የጠራ እስከ ዛሬ ማን ነው?
ቤቷስ የማን ቤት ነው?
ጥያቄውን ጀመርኩት። አልጨረስኩትም።
እኔ የምተኛበት ቤት ድንጋዩ ጥርብ ነው፤ አባቴ ድንጋይ መጥረብ አያውቅም።

ፖሊሱ መጣና «ፈቃድ አላት?» አለ።
የላትም። ጉድጓዱ እንደተደፈነ ዋለ።
ሌሊቱን ግን መንደሩ ፋኖስ በፋኖስ ሆኖ ነጋ፤
ጠዋት መጥታ አዲሶቹን ጉድጓዶች ቆጠረች፦ አሥራ አንድ።
ወርቅ ሲሹ አድረው ሰም እንኳ አላገኙ፤
ስም ነበር የተቀበረው፤ እርሱን ግን አልተመኙ።

የጫማውን ሶል ሰጠኋት። «የእርሷ ላይሆን ይችላል» አልኳት።
«ላይሆን ይችላል» አለችና በመሐረቧ ጠቀለለችው።

መኪናው ሊነሣ ሲል ሙዘየን በምርኩዝ ደረሰች።
የምትሳደብ መስሎኝ ነበር።
በመስኮቱ ጎንበስ ብላ፣
«ስንት ዓመቷ ነበር ያልሽኝ?»
«ሰባት።»
ሙዘየን ምንም አላለች።
የመኪናውን በር ግን
ቶሎ አልለቀቀችም።