እርማት

ካራሾክ። ጥር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፤
ፀሐይ አልነቃችም፣ መስኮቱ ላይ ሰማያዊ ጥላሸት።
የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ነው፤ በእጄ ቴርሞሜትር፣
ሰሌዳው ላይ «በረዶ» ከሚል ርእስ ሥር
ቁጥር፣ ሰረዝ፣ ቁጥር።

ሪስተን ገቡ። (በዚህ አገር ቋንቋ አንቱታ ጠፍቷል፤
በእኔ ግን አለ፤ አንደበቴ እሱን ለምዷል።)
ወንበር ሳብኩላቸው። አልተቀመጡም፤ ግድግዳውን ዳበሱት፦
«ምድጃው እዚህ ነበር። እዚህ ጋ ነው የቆምኩት፣
በረዶን በእናቴ ቃል ስለጠራሁት።
መምህሩ ሲያርመኝ አረም መሰልኩት መሰለኝ፣
ከነሥሬ ነቀለኝ።»

ልጆቹ ዝም አሉ። የልጅ ልጃቸው ኒላስ ብቻ
ጓንቱን አጠለቀ፤ ያውቃል የነገራቸውን መዳረሻ፤
ደጅ ነው።

ወጣን። ዱላቸውን ቀስ ብለው ወደ በረዶው ሰደዱ፣
እንደ ሐኪም ጆሯቸውን አዘነበሉ፤
ነጠረ ዱላው። «ቻርጋ» አሉ።
ነፋስ የደበደበው ቆዳ ነው። ገፉት፤ ከሥሩ
እንደ ጥሬ ስኳር የሚንሿሿ፦ «ሴያንጋሽ። ይሄ ነው ደጉ፤
መንጋው ቆፍሮ ይደርሳል ከግጦሹ።»
እኔ ቴርሞሜትሬን አየሁ፦ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት።
እውነት ነው። ስለ ረሃብ ግን አንዳች የለበት።

«ፈተና ላይ ላግባው?» አልኩ፣ «ከፈቀዱ፣ ቃልዎን?»
ዝም አሉ፣ ረጅም። «ያኔ ማንም አልጠየቀን።
አግባው። ሁሉንም አይደለም፤ ለሰሌዳ የማይሆን አለ፣
እሱን ለኒላስ ነው የምነግረው፣ እሱም ከጠየቀ።
እርማቱን ደግሞ ለአጋዘኖቹ ተው፤ አንተ አትችለውም።»
ልጆቹ ሳቁ። እኔም።

ማታ ወረቀት ሳርም ቀይ እስክሪብቶዬ ቆመ።
ጨንቻ፣ ስድስተኛ ክፍል፤ አለቃ ነበርኩ፣ የተሾመ፣
ለመምህሩ ስም የምጽፍ፣ የእጅ ጽሑፌ ያማረ፤
ርእሱ፦ «አማርኛ ያልተናገረ»።
አንጁሎ ከጎኔ፣ ሰማዩን አይቶ፣ በጋሞኛ አንዲት ቃል
ሹክ አለኝ፦ ነገ ገብሱን ውርጭ ይመታዋል።

ውርጩ መታው።
እኔም ስሙን ጻፍኩት፤
ቃሉን አልጻፍኩት።